ስሙ ወዴት ይሄዳል?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሰባት ወር ያህል ተዘግተው ከቆዩ በኋላ ሲከፈቱ፣ ብዙዎቻችን ገና የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። በዚያ መንገድ ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ በር ላይ (የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም) አንድ መምህር ቆሟል። ከእግሩ ሥር የውሃ ጀሪካን አለ፣ ከድንጋዩ ላይ ቁራጭ ሳሙና አለ፣ በእጁ ደግሞ ደብተር ይዟል። ልጅ ሁሉ እጁን ታጥቦ፣ ጭምብሉን አሳይቶ፣ ስሙንና ቀበሌውን አስጽፎ ይገባል። የሚያስለው ልጅ ካለ ከስሙ አጠገብ ምልክት ይደረጋል። አንዲት እናት አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጇን ይዛ መጣች። ራሷ ጎንበስ ብላ እጁን አጠበችው፣ በነጠላዋም ጫፍ አደረቀችለት። ከዚያ ቀና ስትል ደብተሩን አየች።

«መምህር፣ ይኼ ስም ወዴት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም እናቴ፤ ለቁጥጥር ነው እንጂ።»

«እሱንስ ሰማሁ። ቁጥጥሩ ወዴት ይሄዳል?»

መምህሩ ሳቀ። በሰልፍ የቆምነውም ሳቅን። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ የልጇን ስም ተናግራ፣ ሲጻፍ እስኪያልቅ ቆማ አይታ ሄደች።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ስለ ገጠሩ ሰው ሲባል የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በበሽታው አላመነም፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል፣ ማስተማር ያስፈልገዋል። ይኼ «ግንዛቤ» የሚሉት ቃል ስንቱን ነገር ሸፍኖ አለፈ! ለመሆኑ ያቺ እናት የልጇን እጅ በሳሙና ያጠበችው ማን አስገድዷት ነው? ውሃውንም ሳሙናውንም አልጠላችም። የጠየቀችው ስለ ደብተሩ ብቻ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በብቸናና በሞጣ አካባቢ ስለ ወረርሽኝ ጥንቃቄ በመምህርና በወላጅ መካከል መተማመን የጎደለው ከመድኃኒቱ ዘንድ ሳይሆን ከመዝገቡ ዘንድ ነው። ይህም ከኮሮና ጋር የመጣ ሳይሆን ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ ነው።

ጎጃም ትምህርትን ከሰው የተበደረ አገር አይደለም። ለብቸና ቅርብ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያሠሩት ሞጣ ጊዮርጊስ፣ እነዚህ ሁሉ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመታወቁ በፊት ተማሪ ከሩቅ አገር ይመጣባቸው ነበር። በዚያ ሥርዓት መምህሩ የኔታ ነው፤ የቀለም አባት ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ስለሆነ፣ መንደሩ ተማሪውንም መምህሩንም የሚያውቀው በዓይኑ ነው። የኔታ ልጁን ይገርፉታል፣ ያስርቡታል፣ በብርድ ያስነሡታል። ይህን ሁሉ ወላጅ ያውቃል። አንድ የማያደርጉት ነገር ግን አለ፤ የልጁን ስም ጽፈው ለማንም አይልኩም።

ስለ መጻፍ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። «ክትባት» የምንለው ቃል የወጣው «ከተበ» ካለው ግስ ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። ደብተራው በብራና ጽፎ በአንገት የሚያስረውም «ክታብ» የዚያው ሥር ልጅ ነው። በቋንቋችን መከተብና መጻፍ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው ማለት ነው። የቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን እንዲህ ባለው የቃል ዝምድና ብዙ መተማመን ደግ አይደለም ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም የደጋው ገበሬ መርፌ ያዡንና ብዕር ያዡን ለይቶ ለማየት ለምን እንደሚቸገር ቃሉ ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል።

ደግሞም ክትባትን የደጋው ሰው ከፈረንጅ አልተማረም። ዘመናዊው ክትባት ከመድረሱ በፊት፣ ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በትንሹ በጥቶ መጨመር በሰሜኑ ደጋ የታወቀ ጥበብ ነበር። ሰውየው ቀለል ያለውን በሽታ ታሞ ይነሣል፣ ከከባዱም ይድናል። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያዩ መንገደኞች ይህን ጽፈውታል፤ ልማዱ ጎጃምን ጨምሮ በሰሜኑ ደጋ እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል። አደጋ አልነበረውም አንልም፤ የተከተበው ሰው ሌላውን ሊያሲዝ ይችላል፣ ራሱም ሊሞት ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ወላጅ ልጁን ለብጣት የሚያቀርበው ለሚያውቀው ሰው እጅ ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ቶሎ እንለፈው። በአዲስ አበባ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ከተከፈተ ገና 10 ዓመት ያህሉ ነበርና በገጠር የመምህርና የወላጅ ጥያቄ አልተወለደም። ከዚያ የቀረልን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው ይባላል። ጭሱ በሽታ ያባርራል አላልንም። ግን ማንም ሳይመዘግበው፣ ማንም ሳይቀጣበት፣ ሕዝቡ ከመቶ ዓመት በላይ በራሱ እጅ የጠበቀው ጥንቃቄ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በአስራት ፈንታ ገበሬው ከሚያገኘው ገቢ ላይ የሚከፈል ግብር ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አይደለም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል ይላል። ለጎጃም ገበሬ ግን ጉዳዩ የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ገማቾቹ ማሳው ድረስ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይገምታሉ፣ ይጽፋሉ። መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት በዘር እየተቆጠረ የሚካፈሉት ርስት ነው፤ ከዚያ በፊት ሊለኩት የመጡትን ሁሉ እምቢ ብሎ መልሷል። ዛሬ የተጻፈ ነገ በቀላድ ይለካል፤ የተለካ ከነገ ወዲያ የሌላ ይሆናል፤ ገበሬው ያሰላው እንዲህ ነው። ተሳስቷል ለማለት ይከብደናል። በደቡቡ አገር ቀላድ ከወደቀ በኋላ ስንቱ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም።

ሞጣና ብቸና የዐመፁ እምብርት ከሆኑት አውራጃዎች ነበሩ፤ ዳሞትም አልቀረም። ገበሬው ገማቹን ከማሳው መለሰ፣ ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ነበሩ። መንግሥት ሽማግሌ ላከ፣ አልሆነም። ጦር ላከ። አውሮፕላንም ከሰማይ ደበደበ። እነ በላይ ዘለቀ ጣልያንን በተዋጉበት አገር፣ በዚያው ተራራ ላይ፣ የራሱ መንግሥት ቦምብ የወደቀበት ሽማግሌ ይህን ለልጅ ልጁ ሳይነግር አይሞትም። በመጨረሻ ያፈገፈገው ግን መንግሥት ነው። ገዢው ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ሕዝቡ ከዚህ የተማረውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የጻፊው ደብተር ክፉ ነው፤ ጸንተው ከቆሙ ግን ይመለሳል።

ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1963 ዓ.ም.፣ ሌላ ጻፊ መጣ።

የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችና የራሳችን የጤና ሠራተኞች ሁለት ጫፍ ያለውን መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ ተሠማሩ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ ታማሚ ተመዘገበ፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከቀረባቸው የዓለም አገሮች ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። በጎጃም ደጋ ከታቢዎቹን የጠበቃቸው እምቢታ ነው። የዘመኑ ሰዎች ይህን «ኋላ ቀርነት» ብለው አልፈውታል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የገበሬው ስሌት እንዲህ ቀላል አይደለም። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀላሉ ዓይነት ነው፤ በእስያ ከመቶ ታማሚ 20 እና ከዚያ በላይ ሲገድል፣ የእኛው ከመቶ ሁለት እንኳ አይገድልም ነበር። ገበሬው በሽታውን ያውቀዋል፤ ሥራ ያስፈታል፣ ፊት ያበላሻል፣ አልፎ አልፎ ይገድላል። የራሱም መከላከያ አለው። የማያውቀው እንግዳውን ነው። እንግዳው ደግሞ ስንት ሰው በቤትህ አለ፣ ስማቸው ማን ይባላል እያለ ይጽፋል። እንግዲህ ሞጣ ላይ በ1960 የሆነውን የምታስታውስ አንዲት ባልቴት በ1963 በሯን ብትዘጋ የሚያስገርመው ምኑ ላይ ነው?

ትምህርት ቤቱ ከነገሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ፈንጣጣን ፈላጊዎቹ የታማሚ ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው ሰው ወደሚሰበሰብበት ይሄዳሉ፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት። ካርዱን ለልጆች ያሳያሉ። «እንዲህ ያለ በሽተኛ በሰፈራችሁ አያችሁ ወይ?» ይላሉ። ልጅ ያየውን ይናገራል። በሽታን አሳድዶ ለመያዝ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አልነበረም፤ ዘመቻው በዓለም ሁሉ የተሳካለትም ቤት ለቤት ከመከተብ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ በዙሪያው ያለውን በመከተቡ ነው። እኛ ግን ነገሩን እስቲ ከወላጅ ቤት ሆነን እንየው። የተሸሸገ በሽተኛ አለ። ልጅ ፊደል ሊቆጥር ሄዷል። ማታ ልጁ ሲመለስ እንግዶች ተከትለውት መጡ። ወላጁ ያን ዕለት ስለ መርፌው ምንም ላያስብ ይችላል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ነገር ያስባል።

በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚ በባሌ ቆላ ተገኘ። በጥቅምት 1970 በሶማልያ፣ መርካ በምትባል ከተማ፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የታመመው የመጨረሻው ሰው ተመዘገበ። በግንቦት 1972 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ጠፋ ብሎ አወጀ። የሰው ልጅ ከሠራቸው ትላልቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ማንም አያሳንሰው። ብቻ በእኛ አካባቢ የበሽታው ዕዳ ሲዘጋ የመዝገቡ ዕዳ አልተዘጋም።

ይህ የእኛ ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን ለአፍታ ባሕር ማዶ እንሻገር። የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ሰው ሲፈጅ፣ ያው በሽታ በአሜሪካም ነበር። አብዛኞቹ ከተሞች ትምህርት ቤት ዘጉ፤ ኒው ዮርክና ቺካጎ ግን አልዘጉም። ልጆቹ በየቀኑ በመምህርና በነርስ እየታዩ ተማሩ። ኒው ዮርክ ይህን ለማድረግ ድፍረት ያገኘችው ከየት ነው? ከ16 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ለሙከራ ወደ ትምህርት ቤቶች ተልካ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪም ያይና ትራኮማ ወይም ቆዳ በሽታ ያለበትን ልጅ ጽፎ ወደ ቤቱ ይሰደዋል፤ በቃ። ነርሷ ግን ልጁን እዚያው ታክማለች፣ ቤቱ ሄዳ ከእናቱ ጋር ትነጋገራለች፣ ልጁም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ትራኮማ የእኛ የምሥራቅ ጎጃም ልጆች የዓይን በሽታ ስለሆነ ይህን ስናነብ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልተሰማንም። የኒው ዮርክ እናት ስም ሲጻፍ ብታይ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ነርሷ ትመጣለች።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኔታ ቀርቶ መምህር ሲመጣ ምን ተለወጠ? መምህሩ ከሌላ ወረዳ ይመደባል፣ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፣ በክረምት መጨረሻ ቤት ለቤት እየዞረ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ይመዘግባል። ስብሰባ ሲኖር ሰብስብ ይባላል፤ አንድ ለአምስት ሲመጣ አደራጅ ይባላል። እሱም ሰው ነው፤ እምቢ ቢል እንጀራው ነው። ወላጅና መምህር ኅብረት የሚባል ነገር አለ፣ አዎ። እኛ የምናውቀው ኅብረት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰርጉ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ የምናውቀው ነገር አለ። ሰርግ ይደገሳል። ልጅቱ ለመምህርቷ ትናገራለች። መምህርቷ ለሚመለከተው ታስታውቃለች። ጠላው ተጠምቆ ሰርጉ ይቀራል። እኛ ይህን አንነቅፍም። በዚህ መንገድ ተርፈው ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ የሚማሩ እኅቶች አሉን፤ ስለ እነርሱ መምህራቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን ያችው መምህርት በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 የሆኑ ሴቶችን ስም ጽፋ፣ ለማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤቱ እንዲሰለፉ ስትጠራ፣ አባት ምን ይበል? የሴት ልጁ ዕድሜ አንድ ጊዜ ተጽፎ ሰርጉ ፈርሶበታል። አሁን ደግሞ ተጽፎ መርፌ መጣ። «ያመክናል» የሚለው ወሬ እንዲህ ካለው ማሳ ላይ ሲወድቅ ይበቅላል። ክትባቱ ሴቶች ልጆቻችንን ከካንሰር የሚጠብቅ ነው፤ ወሬው ሐሰት ነው። መምህርቷም ሁለቱንም ያደረገችው ለልጅቱ ብላ ነው። ይኼ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አባትየውም ሞኝ አይደለም።

እንግዲህ ኮሮና የደረሰው በዚህ ላይ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ ባትሪ ድንጋይ በሌለበት ቤት ያ ትምህርት ለማን እንደተሰጠ እንጃ። ምእመናን በቤታቸው እንዲጸልዩ ሲነገር በፋሲካው ሰሞን የተሰማውን ኀዘን ጎጃም ያደገ አይረሳውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየአገሩ ወደ ቤታቸው ተበተኑ። በየመንደሩ «በሽታውን ይዘው መጡ» ተብለው በጥርጣሬ ታዩ፤ እነሱ ደግሞ ገበሬውን ስለ ቫይረስ ያስተምሩት ጀመር። የዛሬ እኛን መሰሎች ነበሩና አንፈርድባቸውም። ሆኖም እናታቸው እጅ መታጠብን ከእነሱ ስትሰማ ፊቷ ላይ የነበረውን ፈገግታ ያላዩት ይመስለናል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ባዶ አልቀሩም፤ ብዙዎቹ ለይቶ ማቆያ እንዲሆኑ ተዘጋጁ። እዚህ ላይ ነው የዚያች እናት ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚያገኘው። ስሙ ወዴት ይሄዳል? ሳል ያለበት ልጅ ስም ከደብተሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ መኪና ይመጣል፣ ቤተሰቡ ወዳላየው ከተማ ይወሰዳል፣ ከብቱን ማን ይጠብቀው? በየቤቱ የሚፈራው ይህ ነበር። በሽታው ከመያዙ መወሰዱ ይፈራል። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት መምህራን ስለ ልጆች ደኅንነት ሲጠይቁም ወላጅ አልከፈተላቸውም፤ በእነዚያው ወራት በክልሉ በመቶ የሚቆጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎች ሊፈጸሙ ሲሉ መከልከላቸው ተነግሯልና፣ ጠያቂው ስለ የትኛው ጉዳይ እንደመጣ በምን ይታወቃል?

በጥቅምት 2013 ሲከፈት ገጠሩ ቀደመ። መመሪያው በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይቀመጥ፣ በፈረቃ ይማሩ፣ ጭምብል ያድርጉ ይላል። እኛ በነበርንበት ክፍል ሰባ ልጆች ነበርን። መመሪያውን ያወጣው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ቢቆጥረን ጥሩ ነበር። አንድ ጭምብል በአጥር ሥር ስንት አፍ እንደዞረ እኛ ነን የምናውቀው፤ አንዱ በበር ያሳልፈዋል፣ ተጠቅልሎ ይወረወራል፣ ቀጣዩ ያደርገዋል። መምህሩም ያያል፣ ያለማየት ያያል። አንድ ቀን ግን ጭምብል ያላደረጉና የሚያስሉ ልጆች ስም ከደብተሩ ተለቅሞ በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ ተነበበ። ያነበበው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ይጠነቀቃሉ ብሎ ነው። በማግሥቱ ግን ከተነበቡት አብዛኞቹ አልመጡም። በሳምንቱ ደግሞ የሚያስል ልጅ በትምህርት ቤቱ ጠፋ። ሳል የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ ሳሉን ሲውጡ፣ ዓይናቸው እንባ ሲሞላ ከጎናቸው ተቀምጠናል።

በዚያው ትምህርት ቤት፣ በታችኛው ክፍል፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነች አንዲት መምህርት ነበረች። እሷ ደብተር አልያዘችም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቶቹ በሚቀመጡበት ሄዳ ተቀመጠችና «እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» አለቻቸው። ምን ብለው እንደተስማሙ የሰማነው ኋላ ነው። ያመመው ልጅ ይቅር፤ ለምን ቀረ አይባል፤ ስሙ አይጻፍ፤ የጎረቤት ልጅ የዕለቱን ትምህርት ያድርስለት። የአንድ ጎጥ ልጆች በአንድ ወገን ይቀመጡ፣ እነዚያ በቤታቸውም አብረው ናቸውና። ውሃውን እናቶቹ በተራ ያመጣሉ። በእሷ ክፍል ደጃፍ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ያየነው አናስታውስም፤ በትልቁ በር ያለው ግን ከኅዳር በኋላ ደርቆ ቀረ። የመዝገብ ቤቱ ሰው «ሪፖርትሽ የታል?» እያለ ይነዘንዛት ነበር። በዚህ ነገር ማን ከበሽታ እንደተጠበቀ በቁጥር ልናሳይ አንችልም፤ ቁጥር ያልተያዘው ደግሞ አውቃ ስላልያዘችው ነው። የጤና ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ያልተመዘገበ በሽታ እንዴት ይታወቃል ይላሉ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ ፈንጣጣም ሳይመዘገብ አልጠፋም። እኛም መዝገብ ይቅር አላልንም። መዝገቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር፣ የነገረውንም የሚጠብቅ ሰው ይያዘው ነው የምንለው፤ ያ ሰው ደግሞ ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት በመንደሩ መታወቅ አለበት።

ትምህርት ቤት በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ስለ ኮሮና መነጋገር በአንድ ጊዜ ረገበ። ጭምብሉ ከየኪሱ ወጣ። ደብተሩን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያም የባሰው መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚሁ አልወጣም። በሽታው ትምህርት ቤት የዘጋው ሰባት ወር ነው፤ ያን ጊዜ ረጅም መስሎን ነበር። አንዳንድ መምህራን እንደነገሩን ዛሬ የተማሪ ስም መጥራት ራሱ ያስፈራል። ተማሪ ቢመዘግቡ አንዱ ወገን ይጠይቃል፣ ባይመዘግቡ ሌላው። ኩፍኝና ኮሌራ ጦርነት አይጠብቁም፤ ከታቢው ግን ልጆቹን ተሰብስበው የሚያገኝበት በር ተዘግቷል።

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ለዘመድ ልቅሶ ወደዚያ ሄዶ፣ በበሩ ላይ ጀሪካን ይዞ የነበረውን መምህር አግኝቶታል። ሥራ የለውም፤ የአባቱን መሬት ያርሳል። ወሬ ሲያነሡ የ2013ቱ ደብተር ተነሣ። ለማንም አላስረከበውም፤ ጦርነቱ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ ተበትኖ እሱ ዘንድ ቀረ። ከቤቱ አውጥቶ አሳየው። አይጥ ጠርዙን በልቶታል፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን ይነበባል። የዚያ ትንሽ ልጅ ስም ከላይ በአራተኛው መስመር አለ። ትምህርቱ ባይቋረጥ ኖሮ በ2018 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል በደረሰ ነበር።